የክፉ ቀን ገንዘብና የድጎማ መቀነስ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለችግር ጊዜ የሚቀመጠውን ገንዘብ «የዝናብ ቀን ገንዘብ» ይሉታል። ዝናብን እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ለሚለምን ገበሬ ይህ አጠራር እንግዳ መሆኑ አይቀርም፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «የክፉ ቀን ገንዘብ» እያልን እንጠራዋለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። አቅራቢው መሐንዲስ እንጂ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ባለመሆኑ፣ ነገሩን በራሱ ሙያ ዓይን መመልከቱን አንባቢ ይታገሠው ዘንድ ይጠይቃል።

በአሜሪካ ከቬርሞንት በስተቀር ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ወጪያቸውን ከገቢያቸው ጋር እንዲያመዛዝኑ የሚያስገድድ አንድ ዓይነት ደንብ አለባቸው። የፌዴራሉ መንግሥት ጉድለቱን በብድር ሸፍኖ ዓመቱን ያሳልፋል፤ ክፍለ ግዛት ግን ገቢው ሲያንስ ወይ ግብር ይጨምራል፣ ወይ መምህርና የመንገድ ሠራተኛ ያሰናብታል፣ ወይ አስቀድሞ ካጠራቀመው ያወጣል። ኒው ዮርክ ለዚህ ለሦስተኛው መንገድ የሚሆን መጠባበቂያ በ1940ዎቹ ብታቋቁምም፣ ለረጅም ጊዜ ብዙ ተከታይ አላገኘችም።

ለዚህም አንዱ ምክንያት ከዋሽንግተን የሚመጣው ገንዘብ ይመስለኛል። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት የገቢ ክፍፍል ሕግ፣ በ5 ዓመት ውስጥ 30 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለክፍለ ግዛቶችና ለአካባቢ አስተዳደሮች እንዲታደል አዘዘ። ከዚህም ሢሶው የክፍለ ግዛቶች ድርሻ ነበር። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ እየፈሰሰ ስለ ማጠራቀሚያ የሚጨነቅ ማን ነው? ነገር ግን በ1980 የክፍለ ግዛቶች ድርሻ ተቋረጠ። በ1981 በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን የወጣው የበጀት ሕግ ደግሞ ከ70 የሚበልጡ ልዩ ልዩ ድጎማዎችን ወደ 9 ጥቅል ድጎማዎች አጠቃልሎ መጠናቸውን ቀነሰ። በ1986 የአካባቢ አስተዳደሮችም ድርሻ ቀረ። የኢኮኖሚው ድቀት ከዚህ ጋር ተደምሮ ትምህርት ሰጣቸውና፣ አሥር ዓመቱ ሲያልቅ የክፉ ቀን ገንዘብ ያቋቋሙት ክፍለ ግዛቶች ከ30 በላይ ሆነው ተገኙ።

ከእነዚህ ሁሉ ቀደም ብላ ስለ ተነሣችው ስለ ሚሺጋን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኑሮዋ በመኪና ፋብሪካ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ከሁሉ በፊት የምትታመመው እርስዋ ናት። በ1977 ያወጣችው ሕግ ለመሐንዲስ የሚማርክ ነው። የነዋሪው እውነተኛ ገቢ በዓመት ከመቶ 2 በላይ ካደገ ትርፉ ተሰልቶ ወደ መጠባበቂያው ይገባል፤ ገቢው ካሽቆለቆለ በዚያው ልክ ይወጣል። ውሃው ሲሞላ ወደ ማጠራቀሚያው፣ ሲጎድል ወደ መስኖው የሚከፈት በር ማለት ነው። እርግጥ የበሩ ቁልፍ በሕግ አውጪዎቹ እጅ ነበር።

ሆኖም ቀመሩ የሚለካው የነዋሪውን ገቢ እንጂ ከዋሽንግተን የሚመጣውን ድጎማ አልነበረም። ድጎማው ሲቀንስ ይህን የሚያመለክት መለኪያ አልተተከለለትም። በ1982 በሚሺጋን የሥራ አጡ ብዛት ከመቶ 15 በላይ ሲደርስ፣ ሁለቱ ድርቆች በአንድ ላይ መጡና መጠባበቂያው ሊሸከማቸው አልቻለም። በ1983 አዲሱ ገዥ ጄምስ ብላንቻርድ የገቢ ግብሩን ከመቶ 4.6 ወደ 6.35 አስደረጉ። በዚያው ዓመት መራጮች ግብሩን የደገፉ 2 ሴናተሮችን በድምፅ ከወንበራቸው አነሡ። ገንዘቡ ባለመብቃቱ የደረሰውን ቁጣ ዕዳ የከፈሉት እነርሱ ናቸው።

ቴክሳስ በተቃራኒው የበዛ ገንዘብ ይዛ ተቸገረች። በ1988 መራጮችዋ ባጸደቁት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ የነዳጅ ዘይትና የጋዝ ምርት ቀረጥ በ1987 ከተገኘው ሲበልጥ፣ የብልጫው 75 በመቶ ወደ ክፉ ቀን ገንዘብ እንዲገባ ተደረገ። ጉድለት ለመሸፈን ሲፈለግ ከሕግ አውጪዎቹ ሦስት አምስተኛው፣ ለሌላ ጉዳይ ሁለት ሦስተኛው መስማማት አለባቸው። በ2009 ከፌዴራሉ የማነቃቂያ ሕግ የተገኘው ገንዘብ በጀቱን ስለ ደገፈ መጠባበቂያው ሳይነካ ቀረ። በ2011 ያ ገንዘብ አለቀ። ምክር ቤቱ ያለፈውን ጉድለት ለመድፈን 3.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ብቻ አወጣና፣ ለመጪው የ2 ዓመት በጀት ግን መጠባበቂያውን ሳይነካ ለትምህርት ቤቶች ከሚሰጠው 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቀነሰ። አስተማሪዎች ሲሰናበቱ ቢሊዮኖች በካዝና ተቆልፈው ነበር። በ2013 ደግሞ ከዚሁ ካዝና 2 ቢሊዮን ዶላር ለውሃ ሥራ እንዲውል መራጮች ፈቀዱ። እንደ ሙያዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ለግድብ የተገኘው ፈቃድ ለመማሪያ ክፍል ለምን እንደ ታጣ እስካሁን አልገባኝም።

ግድብ ሲነደፍ መሐንዲሱ የሚያሰላው የበጋና የክረምትን ልዩነት፣ ቢበዛም ተከታታይ የድርቅ ዓመታትን ነው። ምንጩ ከላይ ከተጠለፈ ግን የግድቡ ትልቅነት የሚጨምረው የወራትን ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የክፉ ቀን ገንዘብ ለተቀነሰ ድጎማ ሊውል የሚገባው፣ ክፍለ ግዛቱ አዲስ ገቢ እስኪያገኝ ወይም ሥራውን እስኪያስተካክል ለ2 ወይም ለ3 ዓመት መሸጋገሪያ ሲሆን ነው። ያም ቢሆን መጨረሻው ቀን ከመነሻው ተጽፎ። ቴክሳስ በ2011 ይህን ማድረግ ትችል ነበር፤ ሚሺጋን በ1982 ብትፈልግም አትችልም ነበር።

ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም። በጁላይ 4 ቀን 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ከሜዲኬይድ ወጪ ቀንሷል። ለምግብ ድጎማ አስተዳደር ክፍለ ግዛቶች የሚከፍሉትን ድርሻም ከ2027 የበጀት ዓመት ጀምሮ ከግማሽ ወደ ሦስት አራተኛ አሳድጓል። በዚያው ዓመት መጸው የፌዴራሉ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለ43 ቀናት ተዘግተው የምግብ ድጎማው ሲቋረጥ፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ ከራስዋ ትርፍ ገቢ ለነዋሪዎችዋ በየሳምንቱ ከፍላለች። ያ ክፍያ መሥሪያ ቤቶቹ እስኪከፈቱ ድረስ የታሰበ ነበር። የጁላይ ሕግ በክፍለ ግዛቶች ላይ የጫነው ድርሻ ግን የሚያበቃበት ቀን አልተወሰነለትም።