የካልጋሪ ትምህርት ቦርድ፦ ከክፍለ ግዛቱ የሚቀድም ዕድሜ፣ የተገደበ ሥልጣን

ከዳውንታውን ካልጋሪ በስተደቡብ፣ ቤልትላይን በሚባለው ሠፈር፣ በ1908 ተማሪ መቀበል የጀመረ ከአሸዋ ድንጋይ የተሠራ ትምህርት ቤት አለ። ከጎኑ ያለው ዘመናዊ ሕንፃ የካልጋሪ ትምህርት ቦርድ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ቦርዱ ከ250 በላይ ትምህርት ቤቶችንና ከ140 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያስተዳድራል። በምዕራብ ካናዳም በስፋቱ አቻ የለውም።

ቦርዱ የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ሲሆን፣ አልበርታ ክፍለ ግዛት ከመሆኗ 20 ዓመት አስቀድሞ መሆኑ ነው። በ1886 የእሳት ቃጠሎ የከተማዋን የእንጨት ሕንፃዎች ካወደመ በኋላ ካልጋሪ ፊቷን ወደ አሸዋ ድንጋይ አዞረች። ትምህርት ቤቶቿም ይህንኑ መልክ ያዙ። በቤልትላይን የሚገኘው ኮናውት ትምህርት ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው።

የትምህርት ቤቶቹ ስሞችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ከቦው ወንዝ ማዶ የሚገኘው የቀድሞው ላንጀቪን ትምህርት ቤት በሰኔ 2021 ሪቨርሳይድ ተብሏል። ሄክቶር ላንጀቪን የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው የገቡባቸውን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ከዘረጉ ፖለቲከኞች አንዱ ነበሩ። ወደ ዳውንታውን የሚያሻግረው፣ በእሳቸው ስም ይጠራ የነበረው ድልድይ ስሙን የለወጠው ቀደም ብሎ፣ በ2017 ነው።

በአገር ቤት የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትን ለሚያውቅ ወላጅ እንግዳ የሚሆነው የቦርዱ አባላት በሕዝብ ድምፅ መመረጣቸው ነው። ሰባት ናቸው። እያንዳንዳቸው ከከተማዋ 14 የምርጫ ቀጣናዎች ሁለቱን ይወክላሉ። ከዚህ ቦርድ ጎን ለጎን፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር፣ የራሱ ተመራጮች ያሉት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች አስተዳደርም አለ።

ሆኖም ተመራጮቹ ገንዘቡን አያዙበትም። በአልበርታ የትምህርት ቦርዶች ግብር የመጣል ሥልጣናቸውን በ1994 ለክፍለ ግዛቱ መንግሥት አስረክበዋል። ሥርዓተ ትምህርቱንም የሚወስነው መንግሥት ነው፤ አዲስ ትምህርት ቤት የሚገነባውም እሱ ሲፈቅድ ነው። ወላጅ ቅሬታውን ይዞ የሚሄደው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ቦርዱ ነው።

ክፍተቱ ጎልቶ የሚታየው በመቀመጫ እጥረት ነው። አንድ ልጅ የሚመደብበት ትምህርት ቤት በመኖሪያ አድራሻው ይወሰናል። ትምህርት ቤቱ ከሞላ ግን አዲስ ተመዝጋቢው ራቅ ወዳለ፣ ትርፍ ተማሪ ወደሚቀበል ትምህርት ቤት ይላካል። ለተረፉት ጥቂት ቦታዎች ዕጣ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ የሚደርስ ስደተኛ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው የሚሰለፈው። የአልበርታ መንግሥት በመስከረም 2024 ለትምህርት ቤት ግንባታ 8.6 ቢሊዮን ዶላር መመደቡን አስታውቋል። ሕንፃ ግን በአንድ ክረምት አይቆምም።

እንግሊዝኛ አዲስ ለሆነባቸው ልጆች ቦርዱ የቋንቋ ደረጃቸውን መዝኖ ድጋፍ ይሰጣል። በጦርነት ወይም በስደት ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸው ደግሞ ንባብንና መሠረታዊ የትምህርት ዕውቀትን በአነስተኛ ክፍል የሚያስተምር የተለየ መርኃ ግብር አለ። ከፈረንሳይኛ ሌላ በስፓኒሽ፣ በማንደሪንና በጀርመንኛ የሚሰጡ የሁለት ቋንቋ ትምህርቶችም አሉ። አማርኛ ከእነዚህ መካከል የለም።

የተማሪ ብዛት ጉዳይ በጥቅምት 2025 ከክፍል ውጭ ወጣ። 51 ሺህ ያህል የአልበርታ መምህራን የክፍሎች መጨናነቅን ጭምር አንሥተው ሥራ አቆሙ። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ መንግሥት አድማውን በሕግ አስቆመ፤ ለዚህም የመብቶች ቻርተርን ድንጋጌዎች ለማለፍ የሚያስችለውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ ተጠቀመ። የቦርድ ምርጫ የተካሄደው በዚያው አድማ መካከል፣ ጥቅምት 20 ቀን ነበር። ቀጣዩ በ2029 ይካሄዳል። መምረጥ የሚችለው ዕድሜው 18 የሞላ ካናዳዊ ዜጋ ብቻ ነው፤ ልጆቹን በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምር ቋሚ ነዋሪ ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ ድምፅ የለውም።