ሄርለን፤ የከሰል ከተማ

በሆላንድ በስተ ደቡብ፥ በቤልጅክና በጀርመን መካከል ተዘርግቶ የሚታየው አውራጃ ሊምቡርግ ይባላል። በዚህ አውራጃ የምትገኘው ሄርለን በሮማውያን ዘመን ኮርዮቫሉም ትባል ነበር። ወደ ኮሎኝ የሚወስደው መንገድ ያልፍባት ስለ ነበረ ሮማውያን ትልቅ መታጠቢያ ቤት ሠርተውባታል። ከነሱ በኋላ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የገበሬዎች መንደር ሆና ኖረች፤ በ1900 እንኳ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሕዝቧ ጥቂት ሺህ ብቻ ነበረ።

ከሰሉ ድንገት የተገኘ አይደለም። በጎረቤቷ በኬርክራደ የሮልዱክ ገዳም በ18ኛው መቶ ዓመት ከሰል ያስቈፍር ነበር። በሄርለን ግን ከሰሉ የተቀበረው ውሃ ካዘለ አሸዋ በታች ስለ ሆነ ጕድጓዱ ሲቈፈር ይናዳል፤ የወጣውንም የሚያጓጕዝ ባቡር አልነበረም። ሄንሪ ሳሮሌያ የተባለ የምድር ባቡር ሐዲድ ሠሪ፥ እንዲህ ያለውን አሸዋ መብሳት ከሚያውቁት ከሆኒግማን ወንድማማቾች ጋራ ተባበረ። ሐዲዱ በ1896 ተከፈተ፤ የኦራንየ ናሳው ማዕድንም በ1899 ከሰል ማውጣት ጀመረ። በ1902 ደግሞ መንግሥቱ የራሱን የማዕድን ድርጅት አቋቋመ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ከሰሜን ሆላንድ፥ ከጀርመን፥ ከፖላንድ፥ ከስሎቬንያና ከኢጣልያ ጐረፈ፤ በ1930 የሕዝቡ ቍጥር ከ40 ሺህ በለጠ። ማደሪያ ግን አልነበረም። አንዱ ለሥራ ሲነሣ ሌላው በዚያው አልጋ ይተኛ ነበር።

ይህን መከራ ከተመለከቱት አንዱ አባ ሄንሪ ፑልስ ናቸው። አባ ፑልስ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ ሆነው በዋሽንግተን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር፤ ዳሩ ግን አምስቱን ብሔረ ኦሪት ሙሴ ጻፋቸው የሚለውን ቃል ኅሊናቸው ስላልተቀበለው በ1910 ከመምህርነታቸው ተሰናበቱ። ጳጳሳቸውም በሄርለን የሠራተኞች ካህን አድርገው ሾሟቸው። ከመምህርነት ወንበር የወረደው ሊቅ ስለ ኪራይና ስለ ጣራ ማሰብ ጀመረ፤ በ1911 ኦንስ ሊምቡርግ የተባለውን የቤት ማኅበር አቋቁመው፥ እንደ ሌሎቹ የከሰል አገሮች ሕዝቡ በትልልቅ ሕንጻ ተፋፍጎ እንዳይኖር፥ አትክልት ቦታ ያላቸው ዝቅተኛ ቤቶች አሠሩ። በ1948 እስኪሞቱ ድረስም በማዕድን ሠራተኞች መካከል ስማቸው ታላቅ ሆኖ ኖረ።

ነገር ግን እውነቱን መደበቅ አይገባም። ኩባንያዎቹ ራሳቸው ባሠሯቸው ቤቶች የሚኖር ሠራተኛ ሥራውን ሲያጣ ቤቱንም ያጣ ነበር። ጣራው መጠጊያም ልጓምም ሆነ። በ1930ዎቹ ችግር ሲመጣ አስቀድመው የተሰናበቱት ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ከጕድጓዱ ይዘው የወጡት ትልቁ ትርፍ ለብዙዎች በሳንባቸው የቀረው አቧራ ነው።

በ1959 በሰሜን በኩል በስሎክተረን እጅግ ብዙ የምድር ጋዝ ተገኘ፤ የከሰሉም ዋጋ ወደቀ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1965 ሚኒስትሩ ዮፕ ደን ኡይል ወደ ሄርለን መጥቶ በከተማው ቴያትር ቤት ማዕድኖቹ እንደሚዘጉ ተናገረ፤ ሌላ ሥራ ሳይገኝ ግን አይዘጉም ብሎ ተስፋ ሰጠ። በዚያ ጊዜ ከማዕድኑ እንጀራ የሚበላው ሠራተኛ ወደ 45 ሺህ ይጠጋ ነበር። የመጨረሻው ማዕድን በ1974 መጨረሻ፥ እዚያው በሄርለን ተዘጋ። ለምትኩ ከመጡት መሥሪያ ቤቶች መካከል የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ገንዘብና የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ይገኙበታል፤ ሃያ ዓመት አካፋ የያዘ እጅ ግን በማግሥቱ ብዕር ሊይዝ አይችልም። ብዙዎች ሳያረጁ ጡረተኞች ሆኑ፤ በኋላም የባቡር ጣቢያው ዙሪያ በሄሮይን ሱሰኞች ስሙ ከፋ።

የሚያስገርመው ከተማይቱ ያለፈ ታሪኳን የያዘችበት መንገድ ነው። በ1940 እና በ1941 የተገለጠውን የሮማውያን መታጠቢያ ቤት በ1977 የራሱ ሙዚየም ሠርታ ከጣራ በታች አኖረችው፤ የአባቶችን ላብ ያየውን የማዕድን ሕንጻ ግን በዚያው ዘመን አፈራረሰችው። ላንገ ያን ይባል የነበረው ረጅም የጭስ ማውጫ በ1976 በፈንጂ ወደቀ፤ ከጥቂት ቅሪት ጋራ የአንዱ ጕድጓድ ማማ ብቻ ቀረ።

የውሃ መሳቢያው ከቆመ በኋላ ባዶዎቹ ዋሻዎች በውሃ ሞሉ። ከምድር በታች 700 ሜትር ገደማ ያለው ውሃ 28 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ ከ2008 ጀምሮም በቧንቧ እየተሳበ በሄርለን ያሉትን ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች በክረምት ያሞቃል።