ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንና የደም ግፊት በአዳማ

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ቋሚ ደመወዝ የሌላቸው ቤተሰቦች በየዓመቱ መዋጮ እየከፈሉ፣ ሲታመሙ ከኪሳቸው ሳያወጡ የሚታከሙበት ሥርዓት ነው። አርሶ አደሮች፣ ቸርቻሪዎች፣ የባጃጅ ሾፌሮችና የቀን ሠራተኞች በዚህ ይታቀፋሉ። የደም ግፊት ዕድሜ ልክ ክትትልና መድኃኒት ስለሚፈልግ ሕሙማኑ ሥርዓቱን ደጋግመው ከሚጠቀሙት መካከል ናቸው።

ታሪክ

በኢትዮጵያ ሥርዓቱ በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከኦሮሚያ የተመረጡት ጊምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ ነበሩ። ከእነዚህ ለአዳማ የሚቀርበው የምሥራቅ ሸዋው ጊምቢቹ ነው። ከሙከራው በኋላ ሥርዓቱ ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ከተሞች ተስፋፋ። በአገር ደረጃ የሚከታተለው የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ነው። ለደመወዝተኞች የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድን ግን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገ ሌላ ሥርዓት ነው።

አሠራር

የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። መክፈል ለማይችሉ የድሃ ድሃ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። አባሉ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ሕክምና ካስፈለገው ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ያልፋል። በአዳማ ከፍተኛ ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ ቀድሞ ኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ይባል የነበረው የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ነው። በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በባቱ (ዝዋይ) እና በሻሸመኔም ቅደም ተከተሉ ተመሳሳይ ነው። የውጭ አገር ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በመድኑ አይሸፈኑም።

የደም ግፊትና ወጪው

በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት ከፍተኛ ይባላል። ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ካልታከመ ግን ለስትሮክ፣ ለልብ ድካምና ለኩላሊት ጉዳት ይዳርጋል። እንደ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉት መድኃኒቶች በየቀኑ ይወሰዳሉ። ሕመም የማይሰማው ሰው ገንዘብ ሲያጥረው በቅድሚያ የሚያቋርጠው መድኃኒቱን ሊሆን ይችላል። መድኑ ይህን በየወሩ የሚደጋገም ወጪ በዓመት አንዴ ወደሚከፈል መዋጮ ይለውጠዋል።

የኑሮ ጥራት

የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮ ጥራትን በ26 ጥያቄዎች የሚለካ አጭር መጠይቅ አለው። መጠይቁ አካላዊ ጤንነትን፣ ሥነ ልቦናን፣ ማኅበራዊ ግንኙነትንና አካባቢን ይመለከታል፤ የገንዘብ አቅምና የሕክምና ተደራሽነት በአካባቢ ሥር ይገባሉ። ስለዚህ መድኑ የሚነካው የግፊቱን ልክ ብቻ አይደለም። ለሕክምና መበደርንና ዕቃ መሸጥን፣ የቤተሰብ ሸክም የመሆን ስጋትንም ሊቀንስ ይችላል።

ችግሮች

ዋናው ችግር የመድኃኒት እጥረት ነው። መድኃኒቱ በጤና ተቋሙ ሲጠፋ አባሉ ከግል ፋርማሲ በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ መዋጮ ከፍሎ እንደገና ሲከፍል በሚቀጥለው ዓመት አባልነቱን ለማደስ ያመነታል። ሌላው፣ ጤነኞች ሳይመዘገቡ ሕሙማን ብቻ ሲበዙ የጋራው ገንዘብ ወጪውን መሸፈን ያቅተዋል። አባልነቱ ካልታደሰም መድኑ ስለሚቋረጥ የደም ግፊት ሕመምተኛው ወደ ቀድሞው የኪስ ወጪ ይመለሳል።