ቃሪያን በኮምጣጤ አዘጋጅቶ በቤት ውስጥ የማቆየት ዘዴ

ቃሪያ በኢትዮጵያ ቤተሰቦች ገበታ ላይ፣ በተለይም በጾም ወቅት፣ ከሽሮና ከአትክልት ወጥ ጋር ተዘውትሮ ይቀርባል። ቀልቶ የደረሰው ምርት በፀሐይ ደርቆ በርበሬ ስለሚሆን ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል፤ አረንጓዴው ቃሪያ ግን ከተለቀመ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጠውልጎ ይበሰብሳል። ቃሪያ በገበያ በብዛት በሚገኝበትና ዋጋው በሚቀንስበት ጊዜ፣ በተለምዶ አቼቶ በሚባለው ኮምጣጤ አዘጋጅቶ ማቆየት ብክነትን ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ዘዴው ለጤና አስተማማኝ የሚሆነው የኮምጣጤው መጠንና የመቀቀያው ጊዜ በትክክል ሲጠበቁ ብቻ ነው።

ቃሪያውን ከአደጋ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ክሎስትሪድየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ ዘር በአፈር ውስጥ ስለሚገኝ ከአትክልት ጋር ወደ ማእድ ቤት ሊገባ ይችላል። ይህ ዘር በፈላ ውሃ አይሞትም። አየር በሌለበትና አሲዳማነቱ ዝቅተኛ በሆነ ምግብ ውስጥ፣ ማለትም ፒኤች ከ4.6 በላይ ሲሆን፣ ያድግና ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ የሚያስከትል መርዝ ያመነጫል። ጥሬ ቃሪያ በተፈጥሮው ከዚህ ልክ በላይ ነው። ስለሆነም በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ዋነኛው መከላከያ የኮምጣጤው አሲድ ነው። ጨውና ስኳር ጣዕም ይሰጣሉ እንጂ በዚህ መጠን የኮምጣጤውን ሥራ አይተኩም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• 1 ኪሎ ግራም ትኩስና ጠንካራ ቃሪያ
• 500 ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ፣ የአሴቲክ አሲድ መጠኑ 5 በመቶ መሆኑ በመለያው ላይ የተጻፈ
• 100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ
• 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት
• ከግማሽ ሊትር ያነሱ ሙቀት የሚችሉ ጠርሙሶች፣ ለምግብ ማሸጊያ ከተሠሩ አዲስ ክዳኖች ጋር

የአሲድ መጠኑ የማይታወቅ የቤት ኮምጣጤ ለዚህ ሥራ አይውልም። ኮምጣጤው ቢመር ወይም ቢጎመዝዝ ስኳር ይጨመራል እንጂ ውሃ አይጨመርም።

አዘገጃጀት

1. ቃሪያው በንጹሕ ውሃ በሚገባ ይታጠባል፤ የበሰበሰውና የቆሰለው ተለይቶ ይወገዳል። የሚያቃጥለውን ቃሪያ የሚያዘጋጅ ሰው ጓንት ማድረግና እጁን ወደ ዓይኑ አለማስጠጋት ይኖርበታል።
2. ትልልቁ ቃሪያ ይቆራረጣል። ትንንሹ ሳይቆረጥ የሚቀመጥ ከሆነ በእያንዳንዱ ላይ ከ2 እስከ 4 ቦታ በቢላ ይሰነጠቃል፤ ካልተሰነጠቀ ኮምጣጤው ወደ ውስጥ አይዘልቅም።
3. ኮምጣጤው፣ ውሃው፣ ጨው፣ ስኳሩና ነጭ ሽንኩርቱ በማይዝግ ብረት ወይም በኢናሜል ድስት ከፈሉ በኋላ በቀስታ እሳት 10 ደቂቃ ይቆያሉ፤ ከዚያም ነጭ ሽንኩርቱ ይወጣል። አሲድ አሉሚኒየምን ስለሚበላ የአሉሚኒየም ድስት አይመረጥም።
4. ቃሪያው በንጹሕና በሞቀ ጠርሙስ ውስጥ ይደረደራል። ትኩሱ ፈሳሽ ቃሪያውን እስኪሸፍን ይጨመራል፤ ከላይ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ክፍት ቦታ ይተዋል። የአየር አረፋው ወጥቶና የጠርሙሱ አፍ ተጠርጎ ይከደናል።
5. ጠርሙሶቹ ከሥሩ ጨርቅ በተነጠፈበት ትልቅ ድስት ውስጥ ይቀመጣሉ። ውሃው ከክዳናቸው በላይ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሸፍኗቸው ይቀቀላሉ።

የመቀቀያ ጊዜና የቦታው ከፍታ

ውሃ ከፍታ በጨመረ ቁጥር በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ በባሕር ወለል አካባቢ በቂ የሆነው 10 ደቂቃ በደጋ አይበቃም። ጊዜው የሚቆጠረው ውሃው መንተክተክ ከጀመረበት ቅጽበት ነው።

• ከ300 እስከ 1,800 ሜትር፣ እንደ ድሬዳዋ፣ አዳማና ሐዋሳ ባሉ ቦታዎች፦ 15 ደቂቃ
• ከ1,800 ሜትር በላይ፣ እንደ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ደሴ ባሉ ቦታዎች፦ 20 ደቂቃ

አቀማመጥ

ጠርሙሶቹ ከወጡ በኋላ ሳይነካኩ ለአንድ ቀን ይቀዘቅዛሉ። ክዳኑ መሐሉን በጣት ሲጫኑት የሚረግብ ከሆነ አልታሸገም ማለት ነው፤ ጠርሙሱ ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል። በሚገባ የታሸገው በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ተስማሚ ክዳን ያላገኘ ቤተሰብ ያገለገለ የማርማላታ ጠርሙስ አሽጎ በመደርደሪያ ከማቆየት ይልቅ፣ በዚሁ ኮምጣጤ ያዘጋጀውን ቃሪያ ከመጀመሪያው ጀምሮ በማቀዝቀዣ አስቀምጦ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቢጠቀምበት ይመረጣል።

ጥሬ ቃሪያን ወይም ነጭ ሽንኩርትን ያለ ኮምጣጤ በዘይት ሸፍኖ ከማቀዝቀዣ ውጭ ማቆየት አደገኛ ነው። ዘይቱ አየርን ይከለክላል እንጂ አሲድ አይሰጥም፤ በመሆኑም ለባክቴሪያው እድገት አመቺ ሁኔታ ይፈጥራል።

የአደጋ ምልክቶች

ክዳኑ ያበጠ፣ የሚያፈስ ወይም ሲከፈት የሚገነፍል ጠርሙስ ሳይቀመስ ይወገዳል። የቦቱሊዝም መርዝ ግን ሽታም ሆነ ጣዕም ላይኖረው ስለሚችል የምግቡ መልክ ማማር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በቤት የታሸገ ምግብ የተመገበ ሰው ነገሮች ሁለት ሆነው ከታዩት፣ የዓይኑ ቆብ ከወደቀ፣ መናገር ወይም መዋጥ ካቃተው፣ አልያም ጡንቻው ከዛለ፣ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከተመገበ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያሉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሊታዩ ስለሚችሉ ሰውዬው የበላውን ምግብ ለሐኪም መንገር ለሕክምናው ይረዳል።