ስም እየለወጠ የሚጓዘው መርዝ

“ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይላል የሀገራችን ሰው፤ ስምና ጠባይ ሲገጣጠሙለት። እኔ ግን የዓለምን የአካባቢ ጥበቃ ሕጎች ታሪክ ሳገላብጥ ከመልአኩ ሌላ ስም አውጪ መኖሩን ተረድቻለሁ። ይኸውም ነጋዴው ነው። የፋብሪካ መርዝ ከአገር አገር ሲሻገር በእውነተኛ ስሙ የተሳፈረበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንዴ ማዳበሪያ፣ አንዴ የጡብ ጥሬ ዕቃ፣ አንዴ የመርከብ እጣቢ ሲባል ኖሯል። ስለ ዓለም አቀፉ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ብዙ ማለት ቢቻልም፣ በዚህ ጽሑፍ የምተርከው የዚህን የስም ጨዋታ ታሪክ፣ እንዲሁም ሕጉ ከኋላ እየሮጠ የት ድረስ እንደተከተለው ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው መርዙ ከተወለደበት ሰፈር ነው። በአሜሪካ፣ በናያጋራ ፎልስ ከተማ፣ አንድ የኬሚካል ኩባንያ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃያ ሺህ ቶን ገደማ ዝቃጭ “ላቭ ካናል” በሚባል አሮጌ ቦይ ውስጥ ቀበረ። አፈር አለበሰውና በ1953 ቦታውን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር ሸጠው። ትምህርት ቤት ተሠራበት፤ በዙሪያውም መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ፤ ልጆች ቦረቁበት። በ1970ዎቹ የተቀበረው ነገር ወደ ቤቶቹ ምድር ቤት መስረግ ጀመረ። በ1978 የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀና ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሡ። የአሜሪካ መንግሥት ቀደም ሲል በ1976 ስለ አደገኛ ዝቃጭ አያያዝ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ በ1980 ደግሞ የበከለ ሁሉ የማጽጃውን ወጪ እንዲሸከም የሚያስገድድ ሌላ ሕግ ጨመረበት።

ጣሊያኖችም የራሳቸውን ዋጋ ከፍለዋል። ሐምሌ 10 ቀን 1976 በሰሜን ጣሊያን፣ በሴቬሶ አጠገብ፣ ከአንድ ፋብሪካ ዲዮክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አፈትልኮ አካባቢውን በከለ። ፋብሪካው ሲጸዳ 41 በርሜል የተበከለ ዝቃጭ ተሞላና በ1982 ድንበር ተሻገረ። ከዚያም ጠፋ! አውሮፓ በሙሉ ለወራት አፈላለገው። በ1983 በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኝ ትንሽ መንደር፣ በተዘጋ ቄራ ውስጥ ተከማችቶ ተገኘ። በዓመቱም የአውሮፓ ማኅበረሰብ አደገኛ ዝቃጭ ድንበር ሲሻገር ቁጥጥር እንዲደረግበት መመሪያ አወጣ።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ታሪኩ መልካም ይመስላል፤ ሰው ተጎዳ፣ ሕግ ወጣ። ዳሩ ግን ሕጉ በአንድ አገር ሲጠብቅ ዝቃጭ የማስወገጃው ዋጋም አብሮ ይወጣል። ውኃ ቁልቁለቱን እንደሚፈልግ ሁሉ መርዝም ርካሹን አገር ፍለጋ ተነሣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በበለጸጉት አገሮች አንድ ቶን አደገኛ ዝቃጭ ለማስወገድ ከመቶ እስከ ሁለት ሺህ ዶላር ይጠይቅ እንደነበር፣ በአፍሪካ ግን ከሁለት ዶላር ተኩል እስከ ሃምሳ ዶላር ይበቃ እንደነበር በጊዜው ተዘግቧል። የበለጸጉት አገሮች ዜጎቻቸውን ከመርዝ ለመጠበቅ ያወጡት ሕግ፣ ሳያስቡት ለመርዝ ነጋዴው ገበያ ከፈተለት።

የዚህ ገበያ ዝነኛዋ ተጓዥ “ኪያን ሲ” የተባለች መርከብ ናት። በ1986 ከፊላደልፊያ ከተማ የቆሻሻ ማቃጠያ 14 ሺህ ቶን ገደማ አመድ ጭና ወጣች። የካሪቢያን አገሮች አንድ በአንድ አናስጠጋም አሏት። በመጨረሻ ሄይቲ ደረሰች፤ በፈቃዱ ወረቀት ላይ ጭነቱ “ማዳበሪያ” ተብሎ ተጽፎ ነበር። አራት ሺህ ቶን ያህሉ በጎናይቭ ከተማ ባሕር ዳር ላይ ከተራገፈ በኋላ ምንነቱ ታወቀና የሄይቲ መንግሥት መልሳችሁ ጫኑ ብሎ አዘዘ። መርከቧ ግን አመዱን ጥላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ከባሕር ባሕር ስትንከራተት ጭነቱ ብቻ ሳይሆን እርሷም ስም ለወጠች፤ መጀመሪያ “ፌሊሺያ”፣ ቀጥሎ “ፔሊካኖ” ተባለች። በኅዳር 1988 ሲንጋፖር ስትደርስ ሆዷ ባዶ ነበር። የቀረው አመድ ባሕር ውስጥ ተደፍቶ ነበር። በ1993 ሁለት የኩባንያው ኃላፊዎች በሐሰት ምስክርነት ተፈረደባቸው። ጎናይቭ ላይ የቀረው አመድ ተጭኖ የወጣው በ2000 ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በተነሣበት በፔንሲልቫኒያ ምድር ተቀበረ። ማዳበሪያ ተብሎ የሄደው ቆሻሻ ተብሎ ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚያው ከፊላደልፊያ የተነሣ ሌላ 15 ሺህ ቶን አመድ በ1988 በጊኒ፣ በኮናክሪ አጠገብ ባለችው በካሳ ደሴት ተራገፈ። የዚህኛው ስም “የጡብ መሥሪያ ጥሬ ዕቃ” ነበር። በደሴቲቱ ላይ ያለው ዛፍ ሲጠወልግ ሰዉ ነቃና ጭነቱ እንዲመለስ ተደረገ። ጊኒ ቢሳው ደግሞ በአምስት ዓመት 15 ሚሊዮን ቶን ዝቃጭ እንድትቀበል 600 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦላት ነበር። ገንዘቡ ከአገሪቱ ዓመታዊ ገቢ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ውሉ በተቃውሞ ፈረሰ። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ገንዘብ ለአንድ ደሀ አገር ሲቀርብ “እንቢ” ማለት ቀላል ነው? እኔ በዚያ ወንበር ላይ የነበረን ሰው ለመውቀስ አልቸኩልም። ነገር ግን የአንድ አገር ድህነት ብቻውን ለእንዲህ ያለ ውል በቂ ምክንያት ከሆነ፣ ነጻ ስምምነት ነበር ማለት ያስቸግራል። ሕግ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

አፍሪካ በአንድ ድምፅ የተናገረችው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። በግንቦት 1980 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት 25ኛ ዓመቱን በሚያከብርበት ሰሞን፣ የድርጅቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኑክሌርና የኢንዱስትሪ ዝቃጭን በአፍሪካ መጣል በአፍሪካና በሕዝቧ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ሲል ወሰነ። “ቆሻሻ” እና “ንግድ” ሲባል የነበረው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ “ወንጀል” የሚል ስም አገኘ።

የሚያስደንቀው ግን ውሳኔው በተላለፈ በሳምንታት ውስጥ የወጣው ጉድ ነው። በናይጄሪያ፣ በቤኒን ወንዝ ዳር ባለችው በኮኮ ወደብ፣ አንድ ነዋሪ በወር መቶ ዶላር ገደማ እየተከፈለው ግቢውን ለአንድ ጣሊያናዊ ነጋዴ አከራይቶ ነበር። በግቢው በሺህ የሚቆጠሩ በርሜሎች ተደርድረዋል። ከጣሊያን የመጡ ሲሆን ሰነዳቸው ለግንባታ ሥራ የሚውሉ ዕቃዎች ናቸው ይል ነበር። በውስጣቸው ግን መርዛማ የኢንዱስትሪ ዝቃጭ ነበር። ምስጢሩን ያወጣው የጉምሩክ ሠራተኛ ወይም የደኅንነት ሰው አልነበረም። በጣሊያን የሚማሩ ናይጄሪያውያን ተማሪዎች የአገሩን ጋዜጣ አንብበው ወደ አገራቸው ደብዳቤ በመጻፋቸው ነው ነገሩ የታወቀው።

ናይጄሪያ ተቆጣች። አምባሳደሯን ከሮም ጠራች፤ የጣሊያን መርከብ ወደቧ ላይ ያዘች፤ በዚያው ዓመትም መርዛማ ዝቃጭ ያስገባን ሰው በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ድንጋጌ አወጣች። ጣሊያን ጭነቱን ለመመለስ ተገደደች። “ካሪን ቢ” የተባለችው መርከብ ከኮኮ ጭና ስትመለስ የስፔን፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ወደቦች በራቸውን ዘጉባት። ለኮኮ ገበሬ ግቢ የተስማማው በርሜል ለአውሮፓ ወደብ የማይስማማ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ ወደ ጣሊያን፣ ወደ ሊቮርኖ ገባች።

በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ዓለም አቀፍ ውል ለማዘጋጀት የደከሙት ግብፃዊው ሳይንቲስት ሙስጠፋ ቶልባ ናቸው። ከ1972ቱ የስቶክሆልም ጉባኤ በኋላ ናይሮቢ ላይ የተቋቋመውን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ከ1975 እስከ 1992 መርተዋል። መጋቢት 22 ቀን 1989 በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ስምምነቱ ጸደቀ። ዋናው ሐሳቡ ቀላል ነው። አደገኛ ዝቃጭ ከመነሣቱ በፊት ላኪው አገር ምንነቱን ለተቀባዩ አገር በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ተቀባዩም በጽሑፍ ካልተስማማ ጭነቱ አይንቀሳቀስም፤ በማታለል የተላከ እንደሆነ ላኪው መልሶ ይወስዳል። ባጭሩ፣ መርዝ በስሙ ይጠራ ማለት ነው።

አብዛኞቹ የአፍሪካ ልዑካን ግን በዚያ ሳይፈርሙ ተመለሱ። “አሳውቀኸኝ ላክ” ሳይሆን “ጨርሶ አትላክ” የሚል ሕግ ነበር የፈለጉት። እንዳሉትም አደረጉ። ጥር 30 ቀን 1991 በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ፣ አደገኛ ዝቃጭ ከአህጉሩ ውጭ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ፈጽሞ የሚከለክል ስምምነት አጸደቁ። ባማኮ አንድ ብልሃት ጨመረ፤ በተመረተበት አገር የታገደ አደገኛ ንጥረ ነገር፣ ነጋዴው ምንም ስም ቢሰጠው፣ እንደ አደገኛ ዝቃጭ ይቆጠራል አለ። የባዝል አባል አገሮችም በ1995 ከበለጸጉት ወደ ሌሎቹ የሚደረገውን ጉዞ የሚያግድ ማሻሻያ ተቀበሉ። ይሁንና ማሻሻያው በሥራ ላይ የዋለው ከ24 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2019 ነው። ዩናይትድ ስቴትስ በ1990 ፈርማ እስከ ዛሬ አላጸደቀችም።

ሕግ ሲወጣ ነጋዴው ሥራ አይፈታም፤ ሌላ ስም ይፈልጋል። በ2006 “ፕሮቦ ኮዋላ” የተባለች መርከብ አምስተርዳም ላይ ዝቃጯን ልታራግፍ ብላ፣ ሽታው ሰዉን ካስመረረ በኋላ በሜትር ኪዩብ አንድ ሺህ ዩሮ ገደማ ተጠየቀች። በዛ ብላ ተመለሰች። በነሐሴ ወር አቢጃን ደረሰች። እዚያ “የመርከብ እጣቢ” በሚል ስም በሜትር ኪዩብ 35 ዶላር ገደማ የሚያስከፍል፣ ገና ፈቃድ ያወጣ ኩባንያ ተገኘ። በሌሊት በከተማይቱ ልዩ ልዩ ሥፍራዎች ተደፋ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች ሕክምና ፍለጋ ወጡ፤ መንግሥት እንዳሳወቀው ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ። መርከቧን የተከራየው ትራፊጉራ ኩባንያ ጥፋቱን ሳያምን ለአይቮሪ ኮስት መንግሥት ወደ ሁለት መቶ ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በ2023 ደግሞ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤት የአይቮሪ ኮስትን መንግሥት ራሱን የዜጎቹን የሕይወትና የጤና መብት አልጠበቅህም ሲል ፈረደበት። ይህ ፍርድ ትልቅ ትምህርት አለው። መርዙን የላከው ሲጠየቅ በሩን የከፈተውም ይጠየቃል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የስሙ ነገር ሌላ መልክ ይይዛል። እኛ ፀረ ተባይ ኬሚካልን የምንጠራው “መድኃኒት” ብለን ነው፤ የአንበጣ መድኃኒት፣ የተምች መድኃኒት፣ የትኋን መድኃኒት። ዲዲቲ አልጋ ሥር ሲነሰነስ የምናስታውስ ብዙዎች ነን። ይህን ማንም አታሎን አይደለም፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አንዳንዱ ተገዝቶ፣ አንዳንዱ በእርዳታ መጥቶ፣ አንበጣን ለመከላከል፣ ወባን ለማጥፋት የታሰበ ነው። ነገር ግን ከሚያስፈልገው በላይ የገባው በየመጋዘኑ ተከማቸ፤ ጊዜው አለፈበት፤ በርሜሉ ዛገ፤ ፈሰሰ። ከ2000 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት ከአንድ ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው በጥንቃቄ ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ፊንላንድ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት በሚያቃጥል ፋብሪካ እንዲወገድ ተደረገ። ለማስወገድ የወጣውን ገንዘብና ድካም ሳስብ፣ አንዲት ቃል ስንት ጥንቃቄ እንደምትነሣን ይገርመኛል። “መድኃኒት” የተባለ ነገር የነበረበትን ባዶ ጀሪካን አጥቦ ውኃ የሚቀዳበትን ገበሬ ማን ይፈርድበታል?

ሕጉን በሚመለከት ኢትዮጵያ ወደ ኋላ አልቀረችም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። አገሪቱ የባዝልም የባማኮም ስምምነት አባል ሆናለች። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ተከተለ። ከእነዚህ ሁሉ ልቤን የነካው በአዋጅ 300 ውስጥ ያለች አንዲት ድንጋጌ ናት፤ ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በግል ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ብክለትን በሚመለከት አቤት ማለት ይችላል ትላለች። የኮኮን ምስጢር ያወጡት ተማሪዎች በራሳቸው ግቢ በርሜል አልተቀመጠባቸውም ነበር። የእኛ አዋጅ እንዲህ ላሉ ሰዎች በር ከፍቷል።

ዛሬም ስም ማውጣቱ ቀጥሏል። ቅልቅልና የቆሸሸ ፕላስቲክ “ለድጋሚ አገልግሎት” እየተባለ ሲጫን ኖሮ ከጥር 2021 ወዲህ በባዝል ቁጥጥር ሥር ገብቷል። የማይሠራ ኮምፒውተርና ቴሌቪዥን “ሁለተኛ እጅ” በሚል ስም ይጓዛል፤ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በሙሉ በተቀባዩ አገር የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ እንዲሻገር የተወሰነው ከጥር 2025 ጀምሮ ነው። ሕጉ ቀርፋፋ ነው፤ ግን እየደረሰ ነው። የሚደርሰው ደግሞ ወረቀቱን አንብቦ ከማለፍ ይልቅ “እስቲ ክፈቱትና እንየው” የሚል ሰው በየወደቡ፣ በየመጋዘኑና በየቀበሌው ሲገኝ ነው። ይህን ለማለት የኬሚስትሪ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ መብቱ በአዋጅ ተጽፎልናል።