የቀጥቃጭ ልጅ ያወጣቸው ቃላት

አኖድ፣ ካቶድ፣ አዮን፣ ኤሌክትሮላይት። እነዚህን ቃላት ሳንሸመድድ የኬሚስትሪ ፈተና ያለፍን ካለን እስቲ እጃችንን እናውጣ! አኖድ ፖዘቲቩ፣ ካቶድ ኔጋቲቩ፤ ይኸንኑ ጽፈን፣ ወረቀቱን አስረክበን እንወጣለን። ቃላቱን ማን እንዳወጣቸው ግን የነገረን የለም። እኛም አልጠየቅንም።

ቃላቱ ለሕትመት የበቁት በ1834 ነው (ዓ.ም. ካላልን በቀር የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው)። ያወጣቸው ማይክል ፋራዴይ ሲሆን፣ ግሪክኛ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር እየተማከረ ነበር። እሱ ራሱ የተማረው ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ብቻ ነው። በ1791 እንግሊዝ አገር ሲወለድ አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ። አዎ፣ መዶሻና ጉጠት ይዘው የሚያድሩ ብረት ቀጥቃጭ!

ልጁ ገና በአፍላነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገብቶ ሰባት ዓመት ሙያ ተማረ። የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ግን ያነባቸው ነበር። በ1812 ሐምፍሪ ዴቪ የተባለው ስመ ጥር ኬሚስት በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ሲያስተምር የመግቢያ ቲኬት አግኝቶ አዳመጠ፤ የሰማውን ጽፎ፣ ሥሎ፣ ሦስት መቶ ገጽ ያህል አድርጎ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በ1813 የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

ፋራዴይ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያረጋገጠው ሕግ ሲነገር ቀላል ነው። በኤሌክትሮሊሲስ የሚወጣው የብረታ ብረት መጠን በፈሳሹ ውስጥ ካለፈው ኤሌክትሪክ ጋር እኩል ያድጋል። ኤሌክትሪኩ እጥፍ ሲሆን ካቶዱ ላይ የሚለጠፈው መዳብም እጥፍ ይሆናል። ከዚያ በፊት ኤሌክትሪክ ምትሐት ይመስል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንደ ጤፍ የሚሰፈር ሆነ።

ይህ ለምን አስፈለገ? ነገሩ እንዲህ ነው። ወርቅ ከማንም ጋር አይጣበቅም፤ አሸዋ ውስጥ ብቻውን ይገኛል። ብረት ግን በአፈር ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ተጋብቶ ነው የሚኖረው። የሚያፋታው ከሰል ነው። ከሰሉ ሲነድ የሚፈጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅኑን ነጥቆ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ሲሄድ ብረቱ ይቀራል። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ አሉሚኒየም ግን ኦክስጅንን ጨምድደው ስለሚይዙ በእንዲህ ያለ የከሰል ምድጃ አይበገሩም። ዴቪ በ1807 የቀለጠ ፖታሽ ውስጥ የባትሪ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ፖታሲየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው አወጣ። አሉሚኒየም በርካሽ እስኪወጣ ደግሞ 1886 መድረስ ነበረበት። በዚያ ዓመት አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ ሳይተዋወቁ አንድ ዘዴ አገኙ፤ የአሉሚኒየምን ኦክሳይድ በቀለጠ ክራዮላይት አሟሙቶ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ። ሁለቱም በ1863 የተወለዱ፣ በእኛው ዕድሜ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። ያን ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞም የተገነባው ያው የቀጥቃጭ ልጅ በ1831 ባገኘው መሠረት ላይ ነው። ዛሬ በየቤታችን ያለው የአሉሚኒየም ድስት የዚህ ሁሉ ልጅ ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። ስለ ብላስት ፈርነስ ተምረናል። ስለ አገራችን የብረት ማቅለጫ የተማርን ግን ስንቶቻችን ነን? በደቡብ ኦሞ የዲሜ ሰዎች፣ በሰሜንም አያሌ ባለሙያዎች፣ ብረት ያለበትን አፈር ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከተራራ የተቆፈረ መሆኑን አውቀው፣ ከከሰል ጋር በሸክላ ምድጃ ውስጥ እያነባበሩ፣ ወናፉን ሰዓታት ሙሉ እየነፉ ብረት ያወጡ ነበር። ብረት ራሱ የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ያ ምድጃ እዚያ አይደርስም። መድረስም አያስፈልገውም። ብረቱ ሳይቀልጥ ከኦክስጅኑ ይላቀቃል፤ የሚቀልጠው ቆሻሻው ነው። ከዚያ የተገኘውን እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ጓል እንደገና እያጋሉ በመዶሻ ሲወቅሩት ንጹሕ ብረት ይሆናል። ወናፉ ከመጠን በላይ ቢነፋ ወይም ከሰሉ ቢያንስ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። መጠኑን የሚያውቀው የባለሙያው ዓይን ነው፤ የእሳቱን ቀለም አይቶ ይፈርዳል። ይህ ኬሚስትሪ ካልሆነ ኬሚስትሪ ምንድር ነው?

ታዲያ ኅብረተሰቡ ይህን ሰው ምን አለው? ጠይብ አለው፤ ቡዳ አለው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል አለው። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ምሳሩን ከእጁ ተቀብሎ ልጁን ግን አላጋባውም። በጎንደር አካባቢ ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤል በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ሲተዳደሩ፣ ያው ሥራቸው ለስድባቸው ምክንያት ሆነ። ባለ ርስቱ የሚበላውን እህል በእነሱ ማረሻ እያረሰ ነው እንግዲህ የሚሰድባቸው!

ታሪክ የምናነብ ሰዎች ብረታ ብረት ሲነሳ ጋፋት ትዝ ይለናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ሚሲዮናውያኑንና የአገሬውን ሠራተኞች አሰማርተው ሴባስቶፖልን አሠሩ፤ በ1868 እስከ መቅደላ አስጎተቱት። ታላቅ ሥራ ነው፣ አንክድም። ግን በኬሚስትሪ ዓይን እንየው። በጋፋት ነሐስ ቀልጦ በመድፍ ቅርጽ ረጋ። ከመቅለጡ በፊት ነሐስ ነበር፣ ከረጋም በኋላ ነሐስ ነው። ይህን ፊዚካዊ ለውጥ እንለዋለን። አፈሩን ብረት የሚያደርገው ግን ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ ከአንድ ነገር ሌላ ነገር ይወልዳል። የመጀመሪያውን በኩራት እናወሳለን። ሁለተኛውን ስንት ዘመን የሠራው ሰው ስሙ የት አለ?

ነገሩ ለቤተ መንግሥትም አልተሰወረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን በየመንደሩ ቀረ። ቀጥቃጩ ርስት ሳያገኝ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ አፍን ብቻ መከልከል ምን ይፈይዳል?

እዚህ ላይ «እንግሊዝም እኮ ገነት አልነበረችም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ፋራዴይ ከ1813 እስከ 1815 ከዴቪ ጋር አውሮፓን ሲዞር የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ነበር የምትቆጥረው። የእንግሊዝ ባለ ጸጋ የቀጥቃጭ ልጅን ከገበታው አያስጠጋም ነበር። ደግሞም የእኛ ቀጥቃጮች የኤሌክትሮሊሲስን ሕግ ያገኙ ነበር ብለን አንመጻደቅም። ለዚያ የቮልታ ባትሪ፣ ትክክለኛ ሚዛንና የታተመ መጽሐፍ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ሌላ ነው። እዚያ የቀጥቃጩ ልጅ የሚያነበው መጽሐፍ፣ የሚገባበት የትምህርት አዳራሽ አገኘ። እዚህ ፊደል የቆጠረው ሰው ከወናፉ አጠገብ አልተቀመጠም፤ ወናፉን የያዘውም ፊደል አልደረሰውም። «ሙያ በልብ ነው» ሲባል ኖሮ ልብ ሲያርፍ ሙያውም አብሮ ተቀበረ። ከውጭ የመጣ ርካሽ ብረት በየገበያው ሲበዛ ደግሞ ምድጃው በየቦታው ጠፋ።

የጎደለን እጅ አልነበረም፤ እጅና መጽሐፍ መገናኘታቸው ነው። እኛ ዛሬ በካልኩሌተር የመዳቡን ግራም የምናሰላ ተማሪዎች ደግሞ ያንኑ ክፍተት ይዘን እየተመረቅን ነው። አፈር ሲቆፈር፣ ምድጃ ሲሠራ ያየን ጥቂቶች ነን፤ ቀጥቃጭን «እርስዎ» ብለን የጠየቅን ደግሞ ከዚያም ያነስን ነን።

ክረምቱ እየመጣ ነው፤ አብዛኞቻችን ወደየቤታችን እንሄዳለን። አካባቢያችን ውስጥ ብረት ሲወጣ ያዩ ወይም ከአባታቸው የሰሙ አረጋውያን ካሉ እንጠይቃቸው። አፈሩን ከየት ያመጡ ነበር? ምን ብለው ይጠሩታል? ከሰሉ ከየትኛው እንጨት ነበር? ምድጃው ስንት ክንድ ነው? የእሳቱ ቀለም ምን ሲመስል ነው የሚበቃው? የእያንዳንዱን ዕቃ ስም በአካባቢው ቋንቋ እንጻፍ፤ የነገሩንን ሰዎች ፈቃድ ጠይቀን ስማቸውንም እንመዝግብ። ያመጣነውን በመስከረሙ ቅጽ እናወጣዋለን።