የትንሿ የመስክ መኪና ታሪክ በነፋስ ስልክ ላፍቶ

አዲስ አበባ በክፍለ ከተሞች የተዋቀረችው በ1995 ዓ.ም. ነበር። ነፋስ ስልክ ላፍቶም ያን ጊዜ ከአሥሩ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሆኖ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 ታወጀ። ሁለቱ ነገሮች በጊዜ ከመገጣጠማቸው በስተቀር ዝምድና የላቸውም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ በላፍቶ፣ በለቡ፣ በሀና ማርያምና በጀሞ ቤት ሠርቶ ወይም ዕጣ ደርሶት የገባው ሰው የብዙ ዓመት ቁጠባውን አፍስሶ የገዛት ትንሽ የመስክ መኪና ለምን እንደዚያ እንደሆነች፣ በምን እንደተመሰገነችና በምን እንደተወቀሰች ለመረዳት አዋጁንም ቦታውንም አጣምሮ መመልከት ግድ ይላል።

አዋጁ የሰው ማጓጓዣ አውቶሞቢሎችን በሲሊንደር ይዘታቸው ከሦስት ከፈላቸው። እስከ 1,300 ሲ.ሲ. ያሉት 30 ከመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲ.ሲ. ያሉት 60 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት 100 ከመቶ ይከፍሉ ነበር። ኤክሳይሱ የጉምሩክ ቀረጥ በተጨመረበት ዋጋ ላይ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ደግሞ ኤክሳይሱ በተጨመረበት ላይ ስለሚታሰብ፣ በሞተር ውስጥ ከአንድ ሲኒ ቡና የማይበልጥ ልዩነት ባለቤቱን ከባድ ገንዘብ ያስወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ ራቭ ፎር 1,998 ሲ.ሲ. ነበረች፤ ከላይኛው እርከን ወደቀች። ቀጥሎ የመጣችው ባለ 1,794 ሲ.ሲ. ሞተሯ ራቭ ፎር ግን በስድስት ሲ.ሲ. ብቻ ከድንበሩ በታች ቀረች። ባለ 1,590 ሲ.ሲ.ዋ ሱዙኪ ቪታራ በመካከለኛው እርከን፣ 1,295 ሲ.ሲ. ያላት ዳይሃትሱ ቴሪዮስ ደግሞ በታችኛው ተመደበች። ጃፓናውያን መሐንዲሶች ሞተሮቻቸውን ሲነድፉ የኢትዮጵያን ግብር አስበው አልነበረም። ገዢው ግን ስለ ወንበሩ ምቾት ከመጠየቁ በፊት ሲ.ሲ.ውን ይጠይቅ ጀመር።

ቦታውስ? ነፋስ ስልክ ስሙን ራሱን ከመሣሪያ ያገኘ፣ በገመድ አልባው ቴሌግራፍ የተጠራ ሰፈር ነው። ክፍለ ከተማው ከአዲስ አበባ ዝቅተኛ ክፍሎች አንዱ ቢሆንም ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አየርን በራሱ ስቦ የሚያስገባ ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ በፋብሪካው ወረቀት 80 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር ጀሞ ላይ 64 ያህል ብቻ ይቀረዋል። በሌላ አነጋገር አዋጁ ትንሹን ሞተር መርጦ አየር ወደሳሳበት አገር አመጣው። አምስት ሰው ጭኖ ወደ መሀል ከተማ ሽቅብ የሚወጣ የቴሪዮስ ባለቤት ሁለተኛ ማርሽ ላይ ረጅም ጊዜ የሚቆየው፣ ነዳጁም ከጠበቀው በላይ የሚያልቀው ለዚህ ነው። አነዳዱን የሚወቅሱት ሰዎች ስለ አየሩ ቢያስቡ ኖሮ ባልተቹት።

ከፍታው ግን ጉዳት ብቻ አላመጣም። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ስለሚያንስ ግፊቱም ያንሳል፤ ነዳጁ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን የማንኳኳቱ አደጋም ይቀንሳል። ትንሹ ሞተር ይደክማል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ችግሩ የከፋው ካርቡራተር ባላቸው በቀደሙት ቪታራዎች ላይ ነበር። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅምና ነዳጁን አብዝቶ ይሰጣል፤ ካንዴላውም በጥላሸት ይሸፈናል። በኤሌክትሮኒክ መርፌ የሚሠሩት ሲመጡ ይህ ጣጣ ቀረ።

ስለ ምቾት ሲነገር ነገሩ ወደ ታች፣ ወደ እግሮቹ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1977 በቶሊያቲ መሠራት የጀመረችው ላዳ ኒቫ፣ የአዲስ አበባ ታክሲ የነበረችው ላዳ የፋብሪካ እኅት፣ የመስክ መኪናን ሸክም ከባሌስትራ አውርዳ በሞላ ላይ በማሳረፍና አካሏን ያለ ሻንሲ በመሥራት ለብዙዎች መንገድ ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣችው ቪታራ ሞላውን ብትቀበልም ሻንሲዋንና ደንዳናውን የኋላ አክስል አልተወችም። ራቭ ፎር በበኩሏ ሻንሲውን አስቀርታ አራቱንም ጎማዎች ለየብቻቸው አንጠለጠለች። የሰፈሩ ባለቤቶች «ቪታራ ጠንካራ፣ ራቭ ፎር ለስላሳ» ማለታቸው ከዚህ የመነጨ ነው፤ አባባሉ ለመሐንዲስ ጆሮም ስሕተት አይደለም።

የደቡብ አዲስ አበባ አፈር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ይውጣል። ሰው አስፋልት ሳይደርስለት ቤቱን ሠርቶ በገባባቸው ዓመታት አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ቅንጦት አልነበረም፤ ቪታራ የተከበረችው ያን ጊዜ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ኮብልስቶን የውስጥ ለውስጡን መንገድ ሲሸፍነው ጭቃው ቀነሰ፤ የመኪናው ሕመም ግን ቦታ ለወጠ እንጂ አልዳነም። ነገሩ በቀላል ሒሳብ ይታያል። እያንዳንዱ ድንጋይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረው፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጎማ በሴኮንድ 55 ጊዜ ያህል ይመታል። ሞላው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ የሚወዛወዝ ዘገምተኛ አካል ስለሆነ ይህን ፈጣን ምት ሊውጥ አይችልም። የሚውጠው ጎማው ራሱና በአንጠልጣይ ክንዶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለው ላስቲክ ነው። ስለሆነም ምቾቷ የተመሰገነው ራቭ ፎር፣ መጋጠሚያዎቿ ብዙ በመሆናቸው፣ በድንጋዩ መንገድ ላይ ከቪታራ ይልቅ ጋራዥ ትመላለስ ጀመር። በአንጻሩ በጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት 2.42 ሜትር ብቻ የሆነው ቴሪዮስ እያንዳንዱን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንደ ፍየል ስትዘል፣ ከኋላ የተቀመጠው ያውቀዋል።

አስተማማኝነት በዚህ ሰፈር ከፋብሪካ ብቻ የሚገዛ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። አብዛኞቹ መኪኖች በሌላ አገር አገልግለው የገቡ ናቸውና ባለቤቱ የሚመዝነው መኪናው ይበላሽ እንደሆነ ሳይሆን ሲበላሽ መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ይገኝ እንደሆነ ነው። ቺንጋና ፍሪሲዮን፣ አሞርዛተርና ቴስታታ የሚሉት የጣልያን ቃላት ባለቤትና መካኒክ ያለ አስተርጓሚ የሚግባቡባቸው ናቸው። ቶዮታ ዋጋው ሳይወድቅ የኖረውም ከብረቱ ጥራት እኩል በዚህ የዕውቀትና የመለዋወጫ መረብ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ስሌቱን ለወጠው። እስከ 1,300 ሲ.ሲ. ያለው አዲስ መኪና ኤክሳይስ ወደ 5 ከመቶ ሲወርድ፣ ለብዙ ዓመታት ባገለገለው ላይ ግብሩ እስከ 500 ከመቶ ደረሰ። ከሲ.ሲ.ው ይልቅ ዕድሜው ወሳኝ ሆነ። ቀድሞ የገባችው ቪታራም በሌላ የማትተካ ንብረት ሆነችና ባለቤቷ ከመሸጥ ይልቅ ማስጠገንን መረጠ። ከዚያም በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የ1,300 ድንበር ለአዲስ ገቢ መኪና ትርጉሙን አጣ።

በኤሌክትሪክ የምትሠራው ቮልስዋገን አይዲ 4 ዛሬ በለቡና በጀሞ መንገዶች ትታያለች። ሞተሯ አየር ስለማይስብ ከፍታው ጉልበቷን አይነካውም፤ ወደ ቤት ቁልቁል ስትወርድም ካወጣችው ኀይል ከፊሉን ትመልሳለች። በጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት 2.77 ሜትር ያህል ስለሆነ ጉብታውን በእርጋታ ትሻገራለች። መካኒኩ የሚነቅለው ካንዴላ፣ የሚቀይረው ቺንጋ የለም። ይሁንና ባትሪዋን ተሸክማ ክብደቷ ከ2,000 ኪሎ ይበልጣል፤ የቴሪዮስ እጥፍ ያህል ማለት ነው። የኮብልስቶኑ ስፋት አልተለወጠም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጎማ አሁንም በሴኮንድ 55 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ላስቲኩም ያንን ምት የሚቀበለው እጥፍ ሸክም ተሸክሞ ነው።